መንገድ ላይ ብንገናኝ

ጡረታ በወጣሁ በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዕድሜ ልኬን ሌሎችን ስቀበልበት ወደኖርኩት ዓይነት ክፍል ታካሚ ሆኜ ገባሁ። ቀጠሮውን የያዝኩት በስልክ ነበር። ካርድ የምታወጣው ልጅ ስሜን ስትጠይቀኝ የውሸት ስም ልሰጣት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ስንቱን ሰው "እዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም" እያልኩ የኖርኩ ሰውዬ ተራዬ ሲደርስ አፈርኩ። በመጨረሻ እውነተኛውን ነገርኳትና ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ነበረኝ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሥራ ዘመኔን ከመጀመሪያው አንስቼ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ ይህን ጽሑፍም ያኔ ጀመርኩት። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ጽጌ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጃችን ሥራው ድሬዳዋ ነው። ለማን ነው የማወራው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ሥራዬ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነበር፤ በኋላ ተጨማሪ ተምሬ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆንኩ። የመጀመሪያ ምደባዬ ዝዋይ ነው፤ ዛሬ ባቱ የምንላት። ከትምህርት ቤት ስወጣ የመድኃኒት ስምና የመርፌ መጠን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ ግን እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ያንን ያስተማሩኝ ሲስተር የሺ ናቸው። ያኔ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ። የተሰጠን ክፍል ቀድሞ የመድኃኒት መጋዘን ስለነበረ ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር።

ሲስተር የሺ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አያደርጓቸውም። ፊት ለፊት የሚቀመጡት መርማሪና ተከሳሽ ናቸው ይሉኝ ነበር። ጎን ለጎን፣ ትንሽ ከፈት አድርገው ያስቀምጧቸዋል፤ ሰውየው ሲፈልግ እሳቸውን፣ ሲያፍር መስኮቱን እንዲያይ። ሶፍቱ ከታካሚው እጅ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጣል እንጂ እሳቸው አንስተው አይሰጡም፤ አንስተህ ከሰጠኸው "በቃ፣ ጥረግ" ማለትህ ነው ባይ ናቸው። "አይዞህ" የሚለውንም ቃል በመጀመሪያ ቀን ከልክለውኝ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ አይዞህ የማይል የለም፤ ደግ ቃል ነው። ግን ገና ያልወጣውን ነገር መልሶ ያስውጠዋል። ስለዚህ አይዞህ ለመሰነባበቻ ይደር ይሉኝ ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። አንድ ሰው ሲወጣ የተቀመጠበትን ወንበር በእጃቸው ይዳስሱታል። ከሞቀ ቀጣዩን ሰው አያስገቡም። በሌላ ሰው ሙቀት ላይ ማንም መቀመጥ የለበትም፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ያስታውሰዋል ይላሉ። ዝዋይ ላይ ደግሞ ወንበር መቼ ይቀዘቅዛል? ስለዚህ ሦስት ወንበር አስመጥተው ያፈራርቁ ነበር። ሦስተኛውን ወንበር ያገኙት የካርድ ክፍሉን ጸሐፊ አቁመው ነው፤ ሰውየው እስኪዛወር ድረስ ቂም አልረሳላቸውም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ለሲስተር የሺ ከሁሉም የተለየ ነበር። የሚመጣው ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል ብሎ ይመጣል፤ ቢያንስ አንድ መርፌ ተወግቶ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን፣ ሥራቸውን ይናገራሉ። የሚጽፉትን ደብተር ገልጠው ያሳያሉ፤ በየትኛው ቁም ሳጥን ተቆልፎ እንደሚያድር በጣታቸው ያመለክታሉ። ከዚህ ክፍል የሰማሁትን ለሚስትህም ለአለቃህም አልናገርም፤ ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ከሆነ ብቻ ግን ዝም አልልም፣ ያኔም መጀመሪያ ለአንተ ነው የምነግርህ ይላሉ። ሃምሳ ደቂቃ አለን። እንዲህ አድርግ ብዬ አላዝህም፤ አብረን እናያለን። ዛሬ ቀሎህ ላትሄድ ትችላለህ፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ከብዶህ ትሄዳለህ፣ አትደንግጥ። ጠበልህን አትተው፣ ጸሎትህን አትተው፣ ክኒንህንም አትተው። መቅረት ስትፈልግ ቅር፤ ግን መጥተህ ተሰናብተኸኝ ቅር።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን ላድርግ?"

መጀመሪያ ስሰማው ትርፍ ነገር መስሎኝ ነበር። ትርፍ አልነበረም። በእኛ ከተሞች የእግዜር ሰላምታ መንፈግ ከስድብ ይከፋል፤ ሰላም ማለት ደግሞ "ከየት ነው የምትተዋወቁት?" የሚል ጥያቄ ያስከትላል። መልሱ እንደየሰዉ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ "ምን ማለትዎ ነው፣ ሰላም ይበሉኝ እንጂ፤ ምን በድዬ" አለ። አንድ መምህር፣ አላውቅዎትም፣ አያውቁኝም አላቸው። አንዲት ሴት የእህቴ ጓደኛ ነኝ ይበሉ አለች፤ ሲስተር የሺም ያላዩዋት እህት ስም ማን እንደሆነ ጠይቀው ጻፉ። በደብተራቸው የሽፋን ጀርባ በስም ፈንታ ለየሰዉ ከሰጡት ምልክት ጎን "ሰ" ወይም "ዝ" የምትል ፊደል ያኖራሉ፤ ሰላም ወይም ዝም። ቅዳሜ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ያቺን ገጽ እንደ ውዳሴ ያነቧታል።

ከዝዋይ ወደ ሞጆ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ ሪፖርቱ ግን በሦስት ኮፒ ሆነ። የሞጆ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁጥር የሚወድ ሰው ነበር። በቀን ስንት ሰው እንዳየሁ ይጠይቀኝና አምስት ስለው ያዝንልኛል። መርፌ ለመውጋት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ አንተ ሃምሳ ደቂቃ ምን ስትል ትውላለህ ይለኛል። የደረቅ ወደቡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይመጡልኝ ነበር። ከእነሱ አንዱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምላሱ ይታሰራል፤ ዕድሜውን መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ አዋሽ መንገድ ሦስት ቀጠሮ ሙሉ አወራኝ። በአራተኛው ግቢው ውስጥ እየዞርን እናውራ አልኩት፤ ወደፊት እያየ ሲራመድ፣ በመንገድ ላይ የገጨውን ሰው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ግቢ ስንት ጊዜ እንደዞርነው እግሬ ያውቃል።

ከዚያ አዳማ መጣሁ፤ እስከ ጡረታዬም ከአዳማ አልወጣሁም።

አሁን ስለ ብርቱካን መናገር አለብኝ። ስሟ ብርቱካን አይደለም፤ የሥራ ቦታዋንም ትንሽ አዛብቼዋለሁ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ብርቱካን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከአዳማ ሞጆ እየተመላለሰች በአንድ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ትሠራለች። ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጥ ትንፋሿ ይቆረጣል፤ የምትሞት ይመስላታል። መንገድ መሃል "ወራጅ አለ" ብላ ትወርድና ፀሐይ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሥራዋን ልትለቅ አንድ ሐሙስ ቀርቷታል። እኔ ዘንድ በመጣችበት ቀን ውጭ አሥራ አንድ ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር፤ አለቃዬ ሁለቴ በር አንኳኳ። የመጀመሪያ ቀን ንግግሬን አሳጠርኩት። ሁሉንም አልኳት፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ተሽሏት መጣች፤ ደስ አለኝና ረሳሁት።

ስምንት ጊዜ ተገናኘን። መጀመሪያ መናኸሪያ ሄዳ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ አምስት ደቂቃ እንድትቀመጥ አደረግን። ረዳቱ ለምን አትወርጂም፣ ለምን አትከፍዪም እያለ ሲነዘንዛት ከፍርሃቷ ይልቅ ንዴቷ ስለበለጠ ያ ቀን ቀለላት፤ ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እስከ ከተማው ጫፍ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ቀን በሩን ከፍታ ገና ሳትቀመጥ፣ "ሞጆ ደረስኩ። መስኮት አጠገብ እንኳ አልተቀመጥኩም" አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ዜናዎች ይህን የሚያህል ትዝ አይለኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ፣ ከጽጌ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ብርቱካንን አየኋት። ነጠላ የለበሱ አንድ ትልቅ ሴትና አንድ ጎልማሳ አብረዋት ነበሩ። ደስታዬ ቀደመኝ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩና እንደ አገሬ ሰው ሰላምታዬን አወረድኩት። "ብርቱካን፣ እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? እንቅልፍስ? ታክሲውስ፣ ፍርሃቱ ለቀቀሽ?"

ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም አያለሁ። አጭር ነገር ነበር፤ ዓይኖቿ ከእኔ ወደ ሴትዮዋ ሄደው ተመለሱ።

"ከየት ነው የምትተዋወቁት?" አሉ ሴትዮዋ፣ በፈገግታ።

እኔ፣ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚባል ሌሎችን የማስተምረው ሰውዬ፣ "እዚሁ፣ በሥራ" አልኩ። ሥራዎ የት ነው አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ የሆስፒታሉን ስም ጠራሁ። ሴትዮዋ አመሰግናለሁ ብለው በትሕትና ጎንበስ አሉ። ጽጌ ጥቂት እንደሄድን፣ "ምነው፣ ያቺ ልጅ ደነገጠች" አለችኝ።

የተረዳሁት በኋላ ነው። ጎልማሳው እጮኛዋ፣ ሴትዮዋ እናቱ ነበሩ፤ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀረው ነበር። በእኛ አገር ጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ በዘሯ የአእምሮ ሕመም ይኖር ይሆን የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። አዳማ ደግሞ አንድ ሰው በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት ቀን ይበቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ "እንቅልፍስ?" አፋፉን አልፎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ።

ብርቱካን ከቀጠሮዋ ውጭ በአንድ ረቡዕ መጣች። ተቀመጪ አልኳት፤ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሽ ተስፋዬ፣ እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም" አለችኝ። "ግን የመጀመሪያ ቀን ብዙ ነገር ነገሩኝ። ይሄንን አልነገሩኝም። ተሰናብተሽ ቅሪ ስላሉኝ ነው የመጣሁት።"

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው "አይዞሽ" ነው። እሷም ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄውን ከመጀመሪያ ቀን ንግግሬ አወጣሁት። በምትኩ ትእዛዝ አስገባሁ። "መንገድ ላይ ባገኝህ ሰላም አልልህም፤ ባትቀየመኝ" እል ጀመር። ሳስበው ግን ይህም አልበቃኝም። ጎረቤቴን ሰላም ብዬ ቀጥሎ ያለውን ሰው ዘልዬ ካለፍኩ፣ የሚያይ ሰው የተዘለለው ታካሚ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ማንንም ቀድሜ ሰላም ማለት ተውኩ። ከቤት ስወጣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እሄዳለሁ፤ ቀድሞ የጠራኝን ብቻ ቀና ብዬ እመልሳለሁ። ውሎ ሲያድር የሚጠራኝም አነሰ። የሰፈር ልጆች "ሳንቲም የጠፋበት ሰውዬ" የሚል ስም አወጡልኝ። ትልልቆቹ ኩሩ ነው አሉ። ስም አውጪዎቹን አልወቅስም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር።

ጽጌ ይህን ሁሉ አብራኝ ተሸከመች። የምችልህ ምክንያቱን ስለማውቅ እንጂ ስለማላፍርብህ አይደለም ትለኝ ነበር። እሷ ለሁለታችንም ሰላም ትላለች፤ የታመመ ትጠይቃለች፤ ስለ እኔ ዓይኑ ደካማ ነው ብላ ትዋሻለች። ዓይኔ ግን ደህና ነበር። አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ከማንም በፊት የማየው እኔ ነኝ፤ መሬት ለማየት ጊዜ እንዳገኝ።

እንዲያ ሆኜ አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር አመለጠኝ። ከብርቱካን ነገር ስድስት ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። መናኸሪያ ለዱከም ታክሲ ቆሜ፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ወደ ሚኒባስ ስትገባ አየሁ። እሷ ናት። መጨረሻ ወንበር ድረስ፣ መስኮት የማይከፈትበት ጥግ ድረስ ገብታ ተቀመጠች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ መሬት አየሁ። ቀና ስል መኪናው እየወጣ ነበር፤ ፊቷ ግን አሁንም ወደ እኔ ዞሯል። ልትሰድበኝ ይሁን ሰላም ልትለኝ አላውቅም። ሳላውቅ እንድቀር ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ጽጌ ስትሞት ድንኳኑ ሞላ። የመጡት ለእሷ ነው። ከመጡት መሃል በእኔ ክፍል ያለፉ ሰዎችም ነበሩ፤ ስምንት ያህል ቆጠርኩ። ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎኝ፣ ሌላው እንኳ ያንን ሳይል፣ ጥቂት ቆይተው ሄዱ። እንዳልኳቸው አደረጉ። የልባቸውን ሁሉ የማውቅላቸው ሰዎች እጄን ሳይነኩኝ ሲወጡ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ጡረታ ስወጣ በሥራ ቦታዬ ኬክ ቆረሱልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳይሬክተሩ ስለ ትሕትናዬ ተናገረ። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ወጥቼ እስከ ፍራንኮ ሰፈር ሄጄ ተመለስኩ። አንድም ሰው አልጠራኝም። በቀጣዩ ቀንም እንዲሁ። ሥራ እያለ ቢያንስ በቀን አምስት ሰው በሬን አንኳኩቶ "ጋሽ ተስፋዬ" ይለኝ ነበር። እንቅልፌ ሄደ፤ ምግብ ጠላሁ። ምልክቶቹን በሌላ ሰው ላይ ሳያቸው የኖርኩ በመሆኔ አልጠፉኝም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ማውጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ለዚህ ነው ስልኩን ያነሳሁት።

ያቺ ማክሰኞ ደረሰች። የምታየኝ ባለሙያ ሀዊ ትባላለች። ከዓመታት በፊት ለሥራ ልምምድ እኔ ዘንድ ከተላኩት ተማሪዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ ራሷን ችላ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ስሜን ካርዱ ላይ አይታ ደውላልኝ ነበር፤ አስተማሪዬ ስለነበሩ ከከበደዎት ሌላ ባለሙያ ልፈልግልዎት አለችኝ። አይ፣ ሌላ ሰው ሲሳሳት ሳየው ማረም እጀምራለሁ አልኳት። ሳቀች።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ወንበሮቹ ጎን ለጎን፣ ከፈት ብለው ተቀምጠዋል። ሶፍቱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። የቱ ላይ ልቀመጥ ብዬ ቆምኩ፤ እግሬ ወደ ባለሙያው ወንበር እየሄደ ነበር። መለስኩት። የታካሚውን ወንበር በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ሀዊ የመጀመሪያ ቀን ንግግሯን ጀመረች። ስሟን ነገረችኝ፣ እንደማላውቃት። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ፤ ቁም ሳጥኑን አመለከተችኝ። አንድ በአንድ የማውቀው ነገር ነው፤ ስንት ሺህ ጊዜ ከአፌ ወጥቷል። ተቀባዩ ስሆን ግን እያንዳንዱ ነገር አዲስ ሆነብኝ። ቁልፉ እውነት ይቆልፋል ወይ ብዬ ቁም ሳጥኑን አየሁ። "ዛሬ ቀሎዎት ላይሄዱ ይችላሉ" ስትለኝ ከፋኝ፤ ቀሎኝ ልሄድ ነበር የመጣሁት። ይህን ቃል ስላቸው ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ሁሉ እንዲህ ከፍቷቸው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

የማለቅስ አልመሰለኝም ነበር። የጽጌን ስም ስጠራ መጣ። ሀዊ አይዞዎት አላለችኝም። ሶፍቱንም አላነሳችልኝም፤ ራሴ እጄን ዘርግቼ ወሰድኩ። ጎበዝ ልጅ አልኩ በሆዴ፣ እያለቀስኩ።

በመጨረሻ፣ "አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል" አለችኝ። "መንገድ ላይ ብንገናኝ ምን ላድርግ?"

ቀና ብዬ አየኋት። እኔ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ጥያቄውን አይደለም፤ ትእዛዙን ነው። ይህን ከየት አመጣሽው አልኳት።

"አንድ ቀን ስለ ሲስተር የሺ ደብተር አጫውተውን ነበር" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ከሚያደርጉት ይልቅ እርስዎ ያወሩልን ነበር ደስ ያለኝ።"

መስኮቱን አየሁ፤ ሲስተር የሺ ወንበሩን ያጣመሙት ለዚህ ነው። ውጭ ባጃጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ ከአንዲት ሴት ጋር የባጥ የቆጡን እያነሱ ሰላም ይባባላሉ፤ ልጆቹስ፣ እናትሽስ፣ ወገብሽስ። ሰላምታቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሀዊም ጠበቀችኝ።

"ጥሪኝ" አልኳት። "ከሩቅም ቢሆን በስሜ ጥሪኝ። መሬት መሬት እያየሁ ባልፍም አትተዪኝ። እንቅልፌንም ጠይቂኝ።"

"ሰው ቢኖርም?"

"ሰው ካለማ በደንብ።"

ደብተሯን ገልጣ አንድ ፊደል ጻፈች። የቱን እንደጻፈች ከወንበሬ ሆኜ አየሁት።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ቅዳሜ፣ ከእድር ስብሰባ ከአቶ ግርማ ጋር እየተመለስኩ ነበር። አቶ ግርማ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ከእኔ ጥቂት በሮች ወዲህ ይኖራል፤ አብረን የሄድነው መንገዱ አንድ ስለሆነ እንጂ ብዙ ስለምንነጋገር አይደለም። እንደ ልማዴ መሬት እያየሁ ነው።

"ጋሽ ተስፋዬ! አካም ጅርቱ?"

ቀና አልኩ። ሀዊ ከመንገዱ ማዶ ፌስታል ሙሉ ቲማቲም ይዛ ቆማለች። ለአፍታ ያቺ እሑድ መጣችብኝ። ከዚያ እጄን አነሳሁ።

"ፈያዳ፣ ሀዊ፤ ደህና ነኝ" አልኩ።

"እንቅልፍስ?"

"ትናንት አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።"

ጎሽ አለችና እጇን አውለብልባ ሄደች። የጫማ ጠራጊዎቹ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ሰምተዋል። አቶ ግርማ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ።

"ከየት ነው የምትተዋወቁት?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ስሸሸው ኖሬያለሁ። "እሷ ዘንድ እየታከምኩ ነው" አልኩት። "ጽጌ ከሞተች ወዲህ ብቸኝነቱ ከበደኝ።"

አቶ ግርማ እርምጃውን ዝግ አድርጎ ከጎኔ መሄዱን ቀጠለ። የእሱ ቤት ይቀድማል፤ በሩ ጋ ስንደርስ ደህና ዋል ይለኛል ብዬ ቆም አልኩ። እሱ አልቆመም። የራሱን በር አልፎ እስከ በሬ ሸኘኝ።